ምሩቃንን ፈታኙ ኤዲሰን

ቶማስ አልቫ ኤዲሰን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን አምፖል ነው። ሰውየው ግን ሌላም ነገር ትቶልን አልፏል፤ ጠቅላላ ዕውቀትን መፈተን ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚል ክርክር። ነገ ሥራ ፍለጋ ስንወጣ እንዲህ ያለ ፈተና ሊገጥመን ስለሚችል ታሪኩን ባጭሩ እንየው።

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1847 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሚላን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። መምህሩ ልጁን እንደ ደደብ ስለቆጠረው እናቱ ናንሲ ተናድዳ አስወጣችውና ቤት ውስጥ ራሷ አስተማረችው። በ12 ዓመቱ ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ ማዞር ጀመረ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚሆን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሻይሎ ውጊያ ዜና ዲትሮይት ገባ። የ15 ዓመቱ ኤዲሰን የቴሌግራፍ ሠራተኛውን አግባብቶ ወሬው ባቡሩ ወደሚያልፍባቸው ጣቢያዎች ቀድሞ እንዲላክ አደረገ። ከዚያ ዲትሮይት ፍሪ ፕሬስ ቢሮ ሄዶ 1,000 ቅጂ በዱቤ ወሰደ። ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ በየጣቢያው ሕዝብ ተሰብስቦ ሲጠብቀው ዋጋውን እየጨመረ ሸጦ ጨረሰ። በዚያው ዓመት ዊክሊ ሄራልድ የምትባል የራሱን ጋዜጣ እዚያው ባቡር ላይ እያተመ መሸጥ ያዘ።

ቀጥሎ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1876 በሜንሎ ፓርክ ላብራቶሪ ከፈተ፤ በ1877 ፎኖግራፍን፣ በ1879 ደግሞ ለረጅም ሰዓት የሚበራ አምፖል ሠራ። በስሙ የተመዘገቡት የአሜሪካ ፓተንቶች 1,093 ናቸው።

እኛ አገር የተማረ ይግደለኝ ይባላል። ኤዲሰን ግን በዚህ የሚስማማ አይመስልም። ድርጅቱ ውስጥ ሥራ ለመቀጠር የሚመጡ የኮሌጅ ምሩቃንን 150 ያህል ጥያቄ ደርድሮ ይጠብቃቸው ነበር። ፈረንሳይን የሚያዋስኑ አገሮች እነማን ናቸው? ቮልጋ ወንዝ የት ነው? ሎጋሪዝምን ማን ፈለሰፈ? የመጥረቢያ እጀታ ከምን እንጨት ይሠራል? አብዛኞቹ ወደቁ። እ.ኤ.አ. በ1921 ጥያቄዎቹ አፈትልከው ጋዜጣ ላይ ሲወጡ አገር ጉድ አለ። ጋዜጠኞችም ያገኙትን ታዋቂ ሰው ሁሉ ይፈትኑ ጀመር።

በዚያው ዓመት ግንቦት ወር አልበርት አይንስታይን ቦስተን ገብቶ ስለነበር የድምፅ ፍጥነት ስንት እንደሆነ ጠየቁት። በቃሉ አልያዘውም። መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ነገር ጭንቅላት ውስጥ መሸከም እንደማያስፈልግ፣ የኮሌጅ ጥቅምም ማሰብን ማስለመድ እንደሆነ አስረዳ። ኤዲሰንም የራሱ መልስ ነበረው። የእሱ ሐሳብ ባጭሩ፣ ኃላፊነት ላይ ያለ ሰው ውሳኔ በሚሰጥባት ቅጽበት የሚያስፈልገው መረጃ ጭንቅላቱ ውስጥ ከሌለ ተሳስቶ ይወስናል፣ ጥፋቱም ድርጅቱን ያከስራል የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1929 ኤዲሰን በ82 ዓመቱ ሌላ ፈተና አወጣ። ከ48ቱ ግዛቶችና ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ አንድ ወጣት ተመርጦ 49 ልጆች ተፈተኑ። አሸናፊው የሲያትሉ ዊልበር ሂውስተን ኤም.አይ.ቲ. በነጻ የመማር ዕድል አገኘ። ጥያቄዎቹ ግን አሁን የሸመደደ ብቻ የሚመልሳቸው አልነበሩም። ውሸት መቼ ይፈቀዳል የሚል ነበረበት። በረሃ ላይ ምግብና ውሃው ለ3 ሰው ብቻ የሚበቃ የቡድን መሪ ብትሆን ማንን ታድናለህ የሚልም ነበረበት። ኤዲሰን ማወቅን ሳይተው መፍረድንም ጨመረበት ማለት ነው። ከ2 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1931 አረፈ።

ዛሬ ሁሉም ነገር ስልካችን ውስጥ አለና አይንስታይን አሸነፈ የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ለእኛ ሙያ ኤዲሰንም ልክ ነበር ባይ ነኝ። ቃለ መጠይቅ የሚሰጠን ባለሥልጣን ዓመተ ምሕረት አዛብቶ ቢነግረን፣ ስህተት መሆኑ እዚያው ካልታወቀን ስልካችንን አውጥተን ለማየትስ ምን ያነሳሳናል? ሳናውቅ አልፈን እናትመዋለን፤ አንባቢም አምኖን ይቀበለዋል።