ሬዲዮው ተወሰደ፣ ቄስ ጉዲና ግን አልሄዱም



እዚህ ሶሎሎ ማታ ማታ ሬዲዮ ያለው ሰው እንግዳ አያጣም። ባትሪ ድንጋዩ እስኪደክም ድረስ ዜናም መዝሙርም አብረን እንሰማለን። ከተማሪዎቼ አንዱ በድሮ ጊዜ በአማርኛ መዝሙር የሚያሰማ ሬዲዮ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነበር አልኩት። ስለ ሬዲዮው ስነግረው ስለ አንድ ሰው ሳልነግረው ማለፍ አልቻልኩም። ሰውየው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ በቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ነቀምት ባለው የስዊድን ሚሲዮን ሆስፒታል ተምረው ድሬሰር ሆኑ፤ ቁስል አጥበው የሚያስሩ፣ ሐኪሙን የሚረዱ ሰው ነበሩ። በሙያው ቢቀጥሉ ኑሯቸው ጥሩ ይሆን ነበር። እሳቸው ግን ስብከቱን መረጡና ቄስ ሆኑ። በ1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት፣ ቄስ ጉዲና ገና ወጣት አገልጋይ ነበሩ።

በየካቲት 1955 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ነገር ተከፈተ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያሠራው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ሲመረቅ ንጉሡ ራሳቸው ተገኝተው ነበር። በአጭር ሞገድ፣ ከአሥር በሚበልጡ ቋንቋዎች፣ ወደ አፍሪካም ወደ መካከለኛው ምሥራቅም ወደ እስያም ይሰማ ነበር። ለአማርኛው ፕሮግራም የመካነ ኢየሱስ ስቱዲዮ የሆነው የምሥራች ድምፅ ስብከትና መዝሙር እየቀረጸ ይልክ ነበር። ያን ጊዜ ጋዜጣ የማይደርስበት ገጠር ብዙ ነው። ማንበብ የማይችልም ብዙ ነው። ሬዲዮ ግን መንገድ አይጠይቅም፣ ፊደልም አይጠይቅም። አንዱ ቤት ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እኛ እዚህ የምናውቀው ነገር ነው።

ቄስ ጉዲና በዚያው ጊዜ አሜሪካ ሚኒሶታ ሄደው ሥነ መለኮት ተማሩ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1958 ዓ.ም. ተመለሱና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ያኔም ውጭ አገር መቅረት የሚችል ሰው ነበሩ። አልቀሩም።

በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከደብዳቤው ጀርባ ዋናው ሰው ቄስ ጉዲና ነበሩ። የውጭ ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ለስብከቱ ግን እጃቸው ያጥር ነበር። የደብዳቤው ሐሳብ ሰው ለሁለት አይከፈልም የሚል ነው። ሆዱም ነፍሱም የአንዱ ሰው ናቸው፤ አንዱን አብልቶ ሌላውን ማስራብ እርዳታ አይባልም። በራሽን ካርድ ለሚኖር ሰው ይሄ ሩቅ ነገር አይደለም። ዱቄት ይሰጠናል፣ እናመሰግናለን። ግን መዝሙርም፣ ሶላትም፣ ትምህርትም፣ ለቅሶ መድረስም ያስፈልገናል።

ከዚያ ደርግ መጣ። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ወታደሮች የብሥራተ ወንጌልን ጣቢያ ያዙት። ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ማሠራጫው ያው ነው፣ አንቴናው ያው ነው፣ የሚሰማው ነገር ግን ሌላ ሆነ። ቀይ ሽብርም ደረሰ።

ቄስ ጉዲና ዝም አላሉም። ሬዲዮ ባይኖራቸውም ድምፅ ነበራቸው፤ ከመድረክ አልወረዱም። ክርስቲያን በኅብረተሰቡ ውስጥ ምን ማድረግ እንዳለበትም ጻፉ። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ስለነበር መንግሥት ቤተሰቡን በጥርጣሬ ያይ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታሰሩ፣ ሁለቴም ተፈቱ።

ከሁለተኛው እስር በኋላ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተገኘ። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሊቀበሏቸው ፈቃደኛ ነበሩ። ሦስተኛው እስር ምን እንደሚያመጣ ቄስ ጉዲና አላጡትም። ቢሆንም እምቢ አሉ። ክርስቶስ የሞተላቸው ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እረኛ ሆነው ሳለ ምእመኑን በዚያ ሰዓት ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት አስተምረው፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ወጡ። የታጠቁ ሰዎች መንገድ ላይ ያዟቸው። ባልና ሚስቱን ለያዩዋቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማው ዳር ወስደው ጣሏቸው። ቄስ ጉዲና በዚያችው ሌሊት ተገደሉ። ቤተሰቡ ግን ይሄን አያውቅም። ታስረው ይሆን፣ በሕይወት ይኖሩ ይሆን እያለ ዓመታት ጠበቀ። የጠፋ ዘመድ ያለው ሰው ይሄን መጠበቅ ያውቀዋል፤ ለቅሶ አይቀመጡ ነገር፣ ተስፋ አይቆርጡ ነገር።

የወይዘሮ ፀሐይ መከራ በዚህ አላበቃም። በ1972 ዓ.ም. እሳቸውም ታሰሩ። ክፉኛ ተደበደቡ፣ ተሰቃዩ፣ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆዩ። ልጆቹ አባትም እናትም አጠገባቸው ሳይኖር አደጉ። ስለዚህ የቄስ ጉዲናን ቆራጥነት ስናወራ ዋጋውን የከፈሉት እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ አንርሳ። ሚስትም ልጆችም ከፍለዋል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አስከሬናቸው አዲስ አበባ በቀድሞው የራስ አስራተ ካሳ ግቢ ተገኘ። በሰኔ 1984 ዓ.ም.፣ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በክብር ተቀበሩ። ወይዘሮ ፀሐይ ያንን ቀን ለማየት በቁ። እሳቸው ያረፉት በ2007 ዓ.ም. ነው።

ይሄን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር አንዷ ልጅ ቆይታ ጠየቀችኝ። እሳቸው አልሸሽም ካሉ እኛ የሸሸነው አጥፍተናል ወይ አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። እቤት ሄጄ አስቤበት በማግስቱ እንዲህ አልኳቸው። ቄስ ጉዲና ሌላውን ሰው ለምን ሸሸህ ብለው አልፈረዱም። እሳቸው የቆዩት አደራ ስለነበረባቸው ነው። እናትሽ ልጆቿን አዝላ ድንበር የተሻገረችውም አደራ ስለነበረባት ነው፤ አደራዋ እናንተ ናችሁ። ጥያቄው የት ቆምክ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠህን ሰው ጥለህ ነው ወይስ ይዘህ ነው የሚለውም ነው።

ሬዲዮውስ? ጣቢያው ተወሰደ፣ በተለይ ወለጋ ውስጥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ሰው ግን ቤት ዘግቶ በዝግታ ይዘምር ነበር። መዝሙሩ ከአንቴና ወርዶ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም። እኛም ባትሪው ሲያልቅ ዝም አንበል። የምናውቀውን ለልጆቻችን በአፋችን እንንገራቸው፤ የአባቶቻችንን ስምም እናስጠናቸው።

ለሁላችንም ቸር ወሬ ያሰማን።