ሃሪየት ቢቸር ስቶው፦ ደራሲዋ ብርቱካን አምራች

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ በሴንት ጆንስ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ መንደሪን የምትባል የብርቱካን አምራቾች መንደር ነበረች። ስሟ በአገራችን ገበያም ከሚታወቀው ከመንደሪን ፍሬ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ በጃክሰንቪል ከተማ ውስጥ ተጠቃላለች። ይህችን መንደር ከሩቅ ካሳወቋት ሰዎች ቀዳሚዋ ደራሲዋ ወይዘሮ ሃሪየት ቢቸር ስቶው ናቸው።

ወይዘሮ ሃሪየት በ1811 በሰሜናዊቷ ኮነቲከት ተወለዱ። የባርነትን ግፍ ያጋለጠው የአጎት ቶም ጎጆ የተሰኘው ልብ ወለዳቸው በ1852 በመጽሐፍ ወጥቶ በመጀመሪያው ዓመት በአሜሪካ ብቻ 300,000 ቅጂ ተሸጠ። የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 ካበቃ በኋላ፣ በውጊያ የቆሰለው ልጃቸው ፍሬድሪክ እንዲያገግም ብለው ከመንደሪን ወንዝ ማዶ የጥጥ እርሻ ተከራዩ። እርሻው ከሰረ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ብርቱካን አዙረው በመንደሪን 30 ኤከር (12 ሄክታር ያህል) መሬት ከነቤቱ ገዙ፤ እስከ 1884 ድረስም የብርዱን ወራት በዚያ ያሳልፉ ነበር።

ብርቱካኑ ስማቸው በታተመበት የእንጨት ሣጥን ታሽጎ ወደ ሰሜን ገበያ ይላክ ነበር። የታወቀ ስምን ለምርት መለያ ማዋል ያን ጊዜም ያዋጣል! በ1873 ስለ ፍሎሪዳ ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ብዙ እንግዳ ስቧል፤ የእንፋሎት መርከቦችም ቤታቸውን ለማየት የሚመጡ ጎብኚዎችን ያመላልሱ ነበር።

ከሁሉ የሚልቀው ሥራቸው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። ከባርነት የወጡት ጎረቤቶቻቸው ነፃነት አገኙ እንጂ ፊደል አልቆጠሩም። ወይዘሮዋ ነፃ የወጡትን ለመርዳት የተቋቋመውን የመንግሥት ቢሮ ወትውተው፣ ትምህርት ቤትም ጸሎት ቤትም የሚሆን ቤት አሠሩ። ቤቱ ተቃጠለ። በ1872 እንደገና ተሠራ። ባለቤታቸው ካልቪን ስቶውም በመንደሯ ይሰብኩ ነበር።

በ1894 መጨረሻና በ1895 መጀመሪያ ተከታትሎ የወረደው ውርጭ የአካባቢውን የብርቱካን ዛፎች አደረቀ፤ ልማቱም ወደ ደቡብ ሸሸ። ወይዘሮ ሃሪየት በ1896 በሃርትፎርድ አረፉ። በረንዳው ትልቅ ዛፍ አቅፎ የተሠራው ቤታቸው ዛሬ የለም። ለመታሰቢያቸው በቤተ ክርስቲያን የተተከለው ባለቀለም የመስኮት መስተዋትም በ1964 ዶራ በተባለው አውሎ ነፋስ ወድሟል። በ1911 የተሠራው የመንደሯ መደብርና ፖስታ ቤት ግን በቅርስነት ተጠብቋል። የትምህርት ቤቱ ሕንፃም የነዋሪዎች ማኅበር መሰብሰቢያ ሆኖ ቆሟል።