በጸሎት መካከል የተነሡት፦ የሪቻርድ አለን ሕይወት



ዛሬ የአንድ እግዚአብሔርን የሚወድ ሰው ሕይወት ላካፍላችሁ። ሪቻርድ አለን ይባላል። አሜሪካ የምትኖሩ ኤ.ኤም.ኢ. የሚል ጽሑፍ ባለበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሳታልፉ አትቀሩም። የዚያ ሕብረት የመጀመሪያው ጳጳስ እርሱ ነው። ታሪኩን ስትሰሙ አንድ ጥያቄ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ሰው በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ሲበደል ምን ይዞ ነው የሚወጣው? ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ሪቻርድ በ1760 ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ከነቤተሰቡ በደላዌር ለሚኖር ስቶክሊ ስተርጂስ ለሚባል ገበሬ ተሸጠ። ኋላ ገበሬው ገንዘብ ሲቸግረው የሪቻርድን እናትና ከልጆቿ ሦስቱን ሸጠ። እናት እንደ ከብት ስትነዳ ቆሞ ማየት ምን ማለት እንደ ሆነ እስቲ አስቡት።

በ17 ዓመቱ የሜቶዲስት ሰባኪዎችን ሰምቶ ጌታን ተቀበለ። ጎረቤቶች ሃይማኖት ባሪያን ያሰንፋል ይሉ ነበር። እርሱና ወንድሙ ግን ማንም ይህን እንዳይል ከበፊቱ ይልቅ ተግተው ሠሩ። ስተርጂስም ይህን አይቶ ሰባኪ ቤቱ እንዲመጣ ፈቀደ። ፍሪቦርን ጋሬትሰን የሚባል፣ የራሱን ባሪያዎች ነጻ ያወጣ ሰው መጣና ንጉሥ ብልጣሶር በእግዚአብሔር ሚዛን ቀሎ ስለ መገኘቱ ሰበከ። ቃሉ ስተርጂስን ወጋው። ሰውን ባሪያ አድርጎ መያዝ ኃጢአት መሆኑ ገባው።

ሆኖም እንዲሁ አልለቀቃቸውም፤ ዋጋቸውን ከፍለው ራሳቸውን እንዲገዙ ነው የፈቀደላቸው። በዘመኑ የወረቀት ገንዘብ 2,000 ዶላር ነበር። ሪቻርድ እንጨት ፈለጠ፣ ጡብ በሚሠራበት ቦታ ደከመ፣ በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ ጨው በጋሪ አመላለሰ። ጋሪው በሚቆምበትም ይሰብክ ነበር። ዕዳውን ከቀጠሮው በፊት ጨረሰ።

በ1786 በፊላደልፊያ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን እንዲሰብክ ተጠራ። የሰጡት ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር! እርሱ ግን አላጉረመረመም። 42 ሰዎች ይዞ የጸሎት ሕብረት ጀመረ። በ1787 ከወዳጁ ከአብሳሎም ጆንስ ጋር ጥቁሮች የሚረዳዱበት ማኅበር አቋቋመ። በእኛ አነጋገር እድር ልትሉት ትችላላችሁ። አባላቱ በየወሩ አንድ ሽልንግ እያዋጡ የታመመውን፣ መበለቲቱንና አባት የሌለውን ልጅ ይደግፉ ነበር።

ሕዝቡ ሲበዛ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ሰገነት ተሠራ። ጥቁሮቹም ገንዘባቸውን ሰጥተው፣ በጉልበታቸው ሠርተው ነበር። አንድ እሑድ ግን ወደ ሰገነቱ ተላኩ። ቦታ ይዘው ለጸሎት ተንበረከኩ። ጸሎቱ ሳያልቅ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ መጥቶ አብሳሎምን ከጉልበቱ ይጎትተው ጀመር፤ የተቀመጣችሁት በማይፈቀድላችሁ ቦታ ነው አለው። አብሳሎም ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠብቀኝ ብሎ ለመነው። አልሰማውም። ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉም በአንድነት ተነሥተው ወጡ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። በ1793 በፊላደልፊያ ቢጫ ወባ ገባ። ወደ 50,000 ሕዝብ ባለባት ከተማ ወደ 5,000 ሰው አለቀ። ከተማዪቱ ያን ጊዜ የአገሪቱ ዋና ከተማ ነበረች፤ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ሳይቀር ለቅቆ ሄደ። ሐኪሙ ቤንጃሚን ራሽ በሽታው ጥቁሮችን አይዝም ብሎ ስላመነ እርዳታቸውን ጠየቀ። ስሕተት ነበር፤ ብዙዎች ታመው ሞቱ። አለንና ጆንስ ግን ወገናቸውን አስተባብረው ዘመድ ጥሎት የሸሸውን በሽተኛ አስታመሙ፣ የሚቀብረው ያጣውን ሬሳ ቀበሩ። አለን ራሱ ታሞ ከሞት ተረፈ። ከጉልበታቸው ያስነሣቸው ሕዝብ ቤት ነበር የሚገቡት!

ምስጋናው ምን ሆነ? ማቲው ኬሪ የሚባል አሳታሚ ጥቁር አስታማሚዎች በመከራው ነገዱ፣ ሰረቁ ብሎ ጻፈ። አለንና ጆንስ በ1794 መልስ አሳተሙ። አልተሳደቡም። ሒሳባቸውን በዝርዝር አቀረቡ፤ ከተቀበሉት ያወጡት ይበልጥ ነበር።

በዚያው ዓመት አለን አንድ አሮጌ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ገዝቶ በፈረስ አስጎትቶ በራሱ መሬት ላይ አሳረፈው። ስሙንም ቤቴል አሉት። ቤቱን በጸሎት እንዲከፍትላቸው የጋበዙት ነጩን ጳጳስ ፍራንሲስ አስበሪን ነው። አለን ሜቶዲስትነቱን አልተወም። ነጮቹ መሪዎች ግን ሕንጻው የእኛ ነው እያሉ ለዓመታት ተሟገቱ። አለን ቤቱን አሳልፎ አልሰጠም። በ1816 የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለቤቴል ፈረደ። በዚያው ዓመት የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ተሰብስበው ኤ.ኤም.ኢ.ን መሠረቱ። እርሱና ሚስቱ ሣራ ከባርነት የሚያመልጡትን ያስጠጉ ነበር። በ1831 ወደ ጌታ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም በዚያው መሬት ላይ አለ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በስደት አገር ያሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ስንት ጊዜ ተከፍለዋል? አንዳንዱ በእውነት ተበድሎ ወጥቷል። አንዳንዱ ወንበር ፈልጎ ወጥቷል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንተና አንቺ የወጣችሁበትን ቀን አስታውሱ። ያስቀየማችሁ ሰው ዛሬ ቢታመም ደጁን ታንኳኳላችሁ? ስለ እናንተ ክፉ ቢወራ የምታሳዩት ንጹሕ መዝገብ አላችሁ? ይቅርታ ማለት መብትን መጣል አይደለም፤ አለን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ግን ከዚያ ቤት ሲወጣ ጸሎቱን ይዞ ወጣ፤ ጥላቻውን ለጌታ ትቶ ወጣ።

በልቡ ቂም የያዘ ካለ ዛሬ ይንበርከክ። ከዚያ ጸሎት ማንም አያስነሣችሁ።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።