ቻንድራሴክሃርና ነጩ ድንክ ኮከብ

ስለ ሕንዳዊው ሊቅ ስለ ሱብራህማንያን ቻንድራሴክሃር ጥቂት ልጻፍላችሁ። በ1903 ዓ.ም. በላሆር ተወለደ። በ1922 ዓ.ም. ክረምት፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር በመርከብ ሲጓዝ ቀይ ባሕርን አቋረጠ። በዚያው ጉዞ፣ ነዳጁን ጨርሶ የኰሰመነ ኮከብ፣ ማለት ነጭ ድንክ፣ ክብደቱ ከልክ ካለፈ ራሱን መሸከም እንደማይችል በሒሳብ ደረሰበት። ልኩም ኋላ የፀሐይን 1.4 እጥፍ ያህል ሆነ።

በ1927 ዓ.ም. ግን ስመ ጥሩው ኤዲንግተን በለንደን ጉባኤ ፊት አፌዘበት። ወጣቱ በክፉ አልመለሰለትም፤ ሒሳቡንም አልካደም። እኔ ብሆን መታገሤን እንጃ! በ1976 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በ1987 ዓ.ም. በቺካጎ ዐረፈ።

በ1991 ዓ.ም. አሜሪካኖች ወደ ሰማይ የላኩት የራጅ ቴሌስኮፕ በስሙ ቻንድራ ተባለ። ከሚመለከታቸውም አንዱ ከሌላ ኮከብ ጋር ተጠጋግቶ የሚዞር ማግኔታም ነጭ ድንክ ነው። ድንኩ የጎረቤቱን ጋዝ ይስባል፤ ማግኔቱም ጋዙን፣ የደሴው ሰፈሬ የቧንቧ ውሃ ስም እንደሚያስታውሰኝ፣ በመስመር መርቶ በዋልታው ላይ ያወርደዋል። የሚወርደው ጋዝ ድንገት ሲገታ በብዙ ሚሊዮን ዲግሪ ይግላል፤ በሐኪም ቤት አጥንት የሚታይበትን የመሰለ ራጅም ከዚያ ይፈልቃል። ሊቃውንት በዚሁ ጨረር ድንኩ ለቻንድራሴክሃር ልክ ምን ያህል እንደ ቀረበ ይመዝናሉ።