ቁርጥራጭ መጣል የከበደው ሠረገላ ሠሪ

በረባሶ ምን እንደሆነ ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ መሆኑን ይነግሯችኋል። ጫማ ሠሪው ጎማውን በቢላ ይቆርጠዋል እንጂ እንደ ብረት አቅልጦ አዲስ ዕቃ አያወጣበትም። ለምን? መልሱ መኪና ከመምጣቱ በፊት ኖሮ ባለፈ አንድ እንግሊዛዊ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ቶማስ ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1786 በእንግሊዝ ሀገር በማርልቦሮ ከተማ ተወለደ። ካደገ በኋላ ለንደን ገብቶ ከወንድሙ ጋር ሠረገላ ይሠራ ጀመር። ከጎማ ጋር የተዋወቀው የሠረገላ ተሳፋሪዎችን ከዝናብ የሚከላከል ነገር ሲፈልግ ነው። በ1820 ለጓንት፣ ለጫማና ለሱሪ ማንገቻ የሚሆን የጎማ ማሰሪያ ሠርቶ ፓተንት አወጣ።

ችግሩ ብክነቱ ነበር። ከጥሬው ጎማ ላይ ቀጭን ማሰሪያ በቢላ ሲቆረጥ ብዙ ቁርጥራጭ ይቀራል፤ ሃንኮክ ደግሞ በገንዘቡ የገዛውን መጣል ከበደው። አዲስ የተቆረጡ ጠርዞች ሲነካኩ እንደሚጣበቁ አስተውሎ ስለነበር፣ ቁርጥራጩን አድቅቆ መልሶ አንድ ለማድረግ አሰበ። በዚያው ዓመት ውስጡ ጥርስ ያለው፣ በእጅ የሚዞር ትንሽ የእንጨት ማሽን ሠራ። ደቅቆ ይወጣል ብሎ የጠበቀው ጎማ ግን ሞቆና ተዋሕዶ፣ እንደ ሊጥ አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። የሚጣለው ትራፊ እንደገና ጥሬ ዕቃ ሆነ።

ሃንኮክ መጀመሪያ ላይ ለማሽኑ ፓተንት አላወጣም፤ ሚስጥር አድርጎ ያዘው። ሰው እንዳይጠረጥርም በኮምጣጤ በሚዘፈዘፍ አትክልት ስም ይጠራው ነበር። ሚስጥሩ ለዓመታት ሳይወጣ ቆየ። በኋላም ከቻርልስ ማኪንቶሽ ጋር ተባብሮ ውሃ የማያስገባ ልብስ ማምረት ያዘ።

የዚያን ጊዜ ጎማ ግን ሲበርድ ይደርቃል፣ ሲሞቅ ይጣበቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ ማሞቅ መፍትሔ እንደሆነ ደረሰበት። የጉድይር ናሙና በ1842 ሃንኮክ እጅ ገባ። ሃንኮክ ናሙናው ላይ የድኝ ምልክት አይቶ ብዙ ሞከረ፤ በ1843 መጨረሻም ጉድይርን ቀድሞ በእንግሊዝ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። ጉድይር በ1860 ባለዕዳ እንደሆነ ሞተ። ሃንኮክ የሰው ፈጠራ ወሰደ ወይስ በራሱ ጥረት ደረሰበት የሚለው ክርክር ዛሬም አልቆመም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ድኝ የጎማን ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ጎማው ጠንካራ የሚሆነው በዚህ ነው፤ መልሶ የማይቀልጠውም በዚሁ ነው። በድኝ የበሰለ ጎማ በሃንኮክ አሮጌ ማሽን ውስጥ ቢገባ እንደ ጥሬው ጎማ አይዋሐድም። ብክነትን ለማስቀረት የተነሳው ሰው፣ ዓለም እስከ ዛሬ የሚቸገርበትን ቆሻሻ ለመፍጠር እጁን አስገባ።

ሃንኮክ በ1865 ሞተ። ያሮጌ ጎማን ነገር ሌሎች ተረከቡት። አሜሪካዊው ሃይራም ሆል በ1858 በእንፋሎት ማለስለስን አመጣ። ቻፕማን ሚቸል በ1881 ከአሮጌ የጎማ ጫማ ውስጥ ጨርቁን በአሲድ ማስወገድን፣ አርተር ማርክስ ደግሞ በ1899 በኮስቲክ ሶዳና በሙቀት መቀቀልን አስተዋወቁ። መኪና በበዛበት ዘመን አሮጌ የመኪና ጎማ እንዲህ እየለሰለሰ ከአዲስ ጎማ ጋር ይቀላቀል ጀመር።

በረባሶ ሠሪው ግን እንፋሎትም አሲድም አላስፈለገውም። ቢላውን ይዞ፣ ጎማው ጠንካራ መሆኑን ራሱን ጥቅም አደረገው።