የሰዓታት ደራሲ በነገሥታት ሰፈር፤ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወት

ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ የለጋምቦንና የቦረናን ደጋ አቋርጦ ወደ ዐባይ በረሓ ይጠጋል። መካነ ሰላም ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያላት ከተማ ናት፤ ከየአገሩ የመጣ ወጣት ይማርባታል፤ የአካባቢዋም ልጅ ሥራና ትምህርት ፍለጋ ከእርሷ ይወጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ በካህናትና በወላጆች ዘንድ የሚነሣው ጭንቀት፣ ልጆቻችን ከደብራቸው ርቀው፣ ቀናቸውን ደወል ሳይሆን የእጅ ስልክ እየከፈለላቸው፣ ሃይማኖታቸውን እንዴት ይኖሩታል የሚል ነው። ጥያቄው አዲስ ይመስላል። ነገር ግን እዚያው በቦረና ምድር፣ በጋሥጫ ገዳም ያረፈ አንድ አባት ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ኖሮበታል፤ እኛም የአባ ጊዮርጊስን ሕይወት በዚህ ጥያቄ በኩል ልናየው ወደድን።

አባ ጊዮርጊስ በ1365 ገደማ ሰግላ በተባለ ስፍራ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አገሩ የጥንቱ የአምሐራ ምድር፣ ማለት ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ደጋ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ንጉሡ በሰፈረበት ሁሉ ድንኳን ተክለው ከሚያገለግሉት ካህናት አንዱ ነበረ። የነገሥታቱ መቀመጫ በዚያ ዘመን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወር ሰፈር እንጂ ቋሚ ከተማ አልነበረምና፣ ጊዮርጊስ የካህን ልጅ ሆኖ ሳለ የቤተ መንግሥትን ወሬና ጠባይ ከአባቱ ቤት ጀምሮ ሳይሰማው አልቀረም።

ለትምህርት የተላከው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። ገድሉ እንደሚተርከው ትምህርቱ ብዙ ዘመን አልገባው አለ፤ ለገዳሙም እህል በወፍጮ እየፈጨ ያገለግል ነበረ። በእመቤታችን ሥዕል ፊት በዕንባ ሲለምን ኖሮ፣ እርሷ ጽዋዐ ሕይወትን አጠጥታው ምሥጢር እንደ ተገለጠለት ሁላችን ሰምተናል። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ ስንናገር ወደ ጽዋው እንቸኩላለን፤ ወፍጮውን እንዘልለዋለን። በእኛ አስተያየት ግን ኋላ ሰዓታትን የሚደርሰው ሰው የተሠራው በዚያ ወፍጮ ዘንድ ነው። ቀኑን በድካም የሚያሳልፍ ሰው በየትኛው ሰዓት፣ በምን ኃይል እንደሚጸልይ በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ክንዱ ተምሯልና።

ከዚህ በኋላ የተጠራው ወደ ዐፄ ዳዊት ቤተ መንግሥት፣ የንጉሡን ልጆች ወደ ማስተማር ሆነ። ዘመኑ ጸጥታ የሰፈነበት ዘመን እንዳይመስለን። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች አንቶንዮ ባርቶሊ በሚባል የፍሎሬንስ ሰው መሪነት በ1402 ነብሮችን ለእጅ መንሻ ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል፤ ከዚያም የእጅ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ተፈቅዷል። ከባሕር ማዶ ዕቃም ሰውም ዐሳብም ይገባ ነበረ። በውስጥም ስለ ቀዳሚት ሰንበት መከበር ገዳማት ከገዳማት፣ ሊቃውንት ከጳጳሱ ጋር የተለያዩበት ጊዜ ነው፤ ክርክሩ እልባት ያገኘው አባ ጊዮርጊስ ካረፈ በኋላ፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። አባ ጊዮርጊስ ሁለቱንም ሰንበታት ከሚያከብሩት ወገን ቆመ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩለት። አንደኛው ሰፈሩን ጥሎ በረሓ መግባት፣ ሁለተኛው እንደ ሰፈሩ ሰዎች ሆኖ መኖር ነው። የበረሓን ኑሮ የሚነቅፍ የለም፤ ከመነኮሳት ወገን የሆነ ሰው ቢመርጠውም ባላስደነቀ። እርሱ ግን በጊዜው በልዑላኑ መካከል ተቀምጦ አስተማረ፤ ጊዜንም ራሱን ለጸሎት ሥርዓት አስገዛ። መጽሐፈ ሰዓታቱ ሌሊቱንና ቀኑን በየክፍሉ ለምስጋናና ለንባብ የሚመድብ ነው። ዛሬ በየአድባራቱ ሌሊት ሰዓታት ሲቆም የምንሰማው ዜማ ከዚህ ሥራው የመጣ ነው። እኛ ካህናት አንዳንድ ጊዜ ሰዓታትን የመቅደስ ብቻ አድርገን እንቈጥረዋለን። ይህ ሥርዓት ግን በየጊዜው ድንኳኑን ነቅሎ በሚጓዝ፣ ፍርድና ግብር፣ ዘመቻና ሹመት በሚፈራረቁበት ሕዝብ ዘመን የተደረሰ መሆኑን ልብ ልንል ይገባናል። ቦታ ሲለዋወጥ የማይለወጠው ሰዓቱ ነበረ።

ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር መኖሩ ዝም አላሰኘውም። ቢቱ የተባለ ሰው ስለ ሥላሴ የተሳሳተ ትምህርት ባስነሣ ጊዜ አባ ጊዮርጊስ በግልጥ ተከራከረው። ከነገሥታት ጋር የነበረው ቅርበትም ከመከሰስና ከመታሰር አላዳነውም፤ የንጉሥ ልጆችን ያስተማረ እጅ ሰንሰለትን ቀምሷል። ከእስራት በኋላ ግን የምሬት መጽሐፍ አልጻፈም። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ1424 የፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር በየበዓሉ የሚነበቡ ድርሳናት የተሰበሰቡበት ሲሆን፣ ከሰባልዮስና ከአርዮስ ጀምሮ የመናፍቃንን ትምህርት በተራ እያነሣ መልስ ይሰጣል፤ የቢቱም ነገር በዚያው ተጠቅሷል። እንደ ስድብ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ በዓል ንባብ መዘጋጀቱ እኛን ደጋግሞ ያስገርመናል፤ ምእመኑ ክርክሩን የሚሰማው በቅዳሴና በምስጋና መካከል ነውና።

ይህ ታላቅ መጽሐፍ ከተፈጸመ በኋላ ብዙ አልቈየም። በ1425 ገደማ ዐረፈ፤ መታሰቢያውም ሐምሌ 7 ቀን ይከበራል። ሐምሌ በቦረና ዝናሙ የሚበረታበት፣ መንገዱ የሚጨቀይበት ወር ነው። ያም ሆኖ በዚያ ቀን ምእመናን ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ዱላ ይዘው ወደ ጋሥጫ ይወርዳሉ፤ ከእነርሱም መካከል ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰባቸው የተመለሱ ተማሪዎች አይጠፉም። ሌሊቱንም ሰዓታት ቆሞ ያድራል።