ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ የቃልን ትርጉም ፍለጋ የተጓዙ መነኵሴ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምንኖር ሰዎች አንድ ቃል ብቻ የሰውን ወገን ሲያስገምት ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ አዳማ ሲል ሌላው ናዝሬት ይላል፤ አንዱ ባቱ ሲል ሌላው ዝዋይ፥ አንዱ ቢሾፍቱ ሲል ሌላው ደብረ ዘይት ይላል። ከተማው ያው አንድ ከተማ ነው፤ ሰሚው ግን ተናጋሪውን በየት በኩል እንደሚመድበው ወዲያውኑ በልቡ ይወስናል።

በሃይማኖት ነገርም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ማኅበረ ምእመናን የራሱ ሰላምታ፥ የራሱ አጠራር፥ ለውስጥ ሰው ብቻ ግልጽ የሆነ አነጋገር አለው። ጴንጤ የሚለው ቃል በመጀመሪያ ከውጭ የተለጠፈ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙዎች ራሳቸውን ይጠሩበታል። ከአንዱ ማኅበር ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባ ሰው ቤቱን ቢለቅም አንደበቱን በአንድ ቀን አይለቅም። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በቀድሞው አነጋገራቸው ያፍራሉ፤ አንዳንዶቹ ይሳለቁበታል፤ ሌሎችም በስውር ይናፍቁታል። እኛም ራሳችን ስንበድል ተገኝተናል። ከዓመታት በፊት ለንዑሰ ክርስቲያን ትምህርት የመጣች አንዲት እኅት የቀድሞ ማኅበሯን አነጋገር ባሰማች ቁጥር በክፍሉ ውስጥ ፈገግታ ይዘዋወር ነበር። ሦስት እሑድ ታግሣ ቀረች። የሳቅነው በቃላቷ ነበር፤ የሄደችው ግን እርሷ ራሷ ናት።

ይህ ነገር በልባችን ስላለ በዚህ እትም የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ሕይወት ልናስታውስ ወደድን። ታሪኩ ከሸለቋችን ርቆ በጎጃምና በጎንደር የተፈጸመ ቢሆንም ጉዳዩ የእኛው ነው።

አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም በመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ ለትምህርት የነበራቸው ፍቅር ግን ከእኩዮቻቸው የሚያስቀድማቸው ነበር። በወጣትነታቸው ወደ መርጡለ ማርያም ገዳም ገብተው መነኰሱ። የምንኵስና ሥርዓት እንደ ቀድሞው አለመጠበቁ ስላሳዘናቸውም የጥንቱን ደንብ ከመጻሕፍት ሊመረምሩ ተነሡ። ከገዳም ወደ ገዳም ተዘዋወሩ፤ በጎንደርም ተምረው አስተማሩ።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሊቃውንት ስለ ጌታችን ልደትና ቅባት በሚደረግ ክርክር ተከፋፍለው ነበር። በጎጃም የጸናው ወገን ቅባት ይባል ነበር፤ የሥጋ ክብር በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው ይላል። በደብረ ሊባኖስና በሸዋ የበረታው ወገን ጸጋ ወይም ሦስት ልደት ይባል ነበር፤ ከአብ በተወለደውና ከድንግል በተወለደው ልደት ላይ በመንፈስ ቅዱስ የሆነውን ሦስተኛ ልደት ይጨምራል። ሦስተኛው ወገን ክብር የተገኘው በተዋሕዶ ነው፥ ልደቱም ሁለት ብቻ ነው ይላል፤ ተቃዋሚዎቹም ሦስተኛውን ልደት ይቆርጣል ሲሉ ካራ የሚል ቅጽል አወጡለት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የእነዚህን ቃላት ጠባይ እናስተውል። ቅባትና ጸጋ የመጻሕፍት ቃላት ናቸው፤ ክርስቲያን ሁሉ ይጠቀምባቸዋል። በክርክሩ ሜዳ ግን ቃሉ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ የወገን ምልክት ሆነ። የሰውየውን እምነት በስፋት መጠየቅ ሳያስፈልግ በአንዲት ቃል ይለይ ነበር። ነገሥታቱና መሳፍንቱም በየወገኑ ስለ ገቡ የተማሪ ቤቱ ክርክር ለስደትና ለእስራት ምክንያት ሆነ።

አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ ጩኸት መካከል የወገናቸውን ቃል እየደጋገሙ መኖር አላረካቸውም፤ የቃሉን ፍች ከምንጩ ሊጠይቁ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1841 የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞች ወደ ግብፅ ሲልኩ አብረው ሄዱ። የመልእክተኞቹ መሪ ላዛሪስቱ ልዑክ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ። እኒህ ኢጣልያዊ ካህን እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን ከገቡ በኋላ አማርኛ፥ ትግርኛና ግዕዝ ተምረው፥ እንደ አገሩ መነኵሴ ለብሰው ይኖሩ ነበር። ሕዝቡም አባ ያዕቆብ ይላቸዋል።

መነኵሴው በመጀመሪያ ይህን ባዕድ ካህን በጥርጣሬ ነበር የሚመለከቷቸው። ከካይሮ ወደ ሮም ተሻግረው ከር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ሲቀርቡ፥ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ፥ በመንገድ ሁሉ የአባ ያዕቆብን ትሕትናና ትዕግሥት ተመለከቱ። ዝምድናቸውም ከክርክር ይልቅ በአብሮነት ጸና። ጥያቄያቸውን ግን በችኮላ አልዘጉትም፤ ዓመታት መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1844 በዓድዋ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኑ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር።

በሕይወታቸው ውስጥ በተለይ ልናተኩርበት የሚገባን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የቀድሞውን ቤታቸውን የለቀቁት አባ ገብረ ሚካኤል ግዕዙን አልጣሉም፤ ቆባቸውንም አላወለቁም። የተማሩትን ሁሉ ይዘው መጡ እንጂ የወጡበትን ቤት መዘባበቻ አላደረጉትም። ከአባ ያዕቆብ ጋር ሆነው ትምህርተ ክርስቶስን ለአገሩ ሰው በሚገባ አነጋገር ለማዘጋጀት ደከሙ፤ የዘርአ ክህነት ተማሪዎችንም አስተማሩ። በዚህ መካከል በአቡነ ሰላማ ትእዛዝ ታሰሩ፤ ተፈቱም። እ.ኤ.አ. በ1851 መጀመሪያ፥ ወደ 60 ዓመት በተጠጉ ጊዜ፥ ጵጵስና ከተቀበሉት ከአባ ያዕቆብ እጅ ቅስናን ተቀበሉ።

እ.ኤ.አ. በ1854 ደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፥ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው በአምባ ጫራ ጉባኤ የሁለት ልደትን ትምህርት ብቻ አጸኑ። አገርን አንድ ለማድረግ የተነሣ ንጉሥ የሃይማኖትም ቃል አንድ እንዲሆን መፈለጉ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉን አልቀበልም ያለ ሁሉ የመንግሥት ጠላት ሆኖ ተቈጠረ። በዚያው ዓመት በጎንደር አባ ገብረ ሚካኤል ከጓደኞቻቸው ጋር ተያዙ፤ አባ ያዕቆብም ታስረው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ።

ሽማግሌው እግራቸው በግንድ ታስሮ ብዙ ግርፋት ተቀበሉ። ከእርሳቸው የሚፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ የታዘዘውን አነጋገር በአንደበታቸው እንዲደግሙ። በልባቸው ያላመኑበትን በአፋቸው ሊናገሩ አልፈቀዱም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1855 መጨረሻ በንጉሡ ፊት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ በዚያ የነበሩት የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ለመኑላቸውም ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ወደ ወሎ ሲዘምት በሰንሰለት ታስረው ይከተሉ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት የኮሌራ ወረርሽኝ ባየለበት ጊዜ በጉዞ ላይ አረፉ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ጥቅምት 3 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. ብፅዕናቸውን አወጁ።

ይህን ስንጽፍ የማንንም ቤተ ክርስቲያን ልጆች ለመውቀስ አይደለም። በቦሩ ሜዳ ጉባኤ፥ እ.ኤ.አ. በ1878፥ ሦስት ልደት ሲከለከል ደግሞ የሌላው ወገን ሰዎች ተቸግረዋል፤ በአውሮፓም ቢሆን ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በአንዲት ቃል ምክንያት እርስ በርሳቸው ደም ተፋስሰዋል። በግንቦት 1973 እ.ኤ.አ. ግን ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛና የግብፅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹምም ሰው መሆኑን በጋራ መግለጫ መስክረዋል። ለ15 መቶ ዓመታት ሁለት ወገን ይመስል የነበረው ነገር ብዙው በአነጋገር የተሸፈነ እንደ ነበረ በዚህ ተገለጠ።

ውድ ካቴኪስቶች፥ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፥ ከሞጆ እስከ መቂ በየክፍላችሁ የሚቀመጠው ሰው አንዳንዱ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። የቀድሞ አነጋገሩን ስትሰሙ ከመሳቃችሁ ወይም ከማረማችሁ በፊት ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። ከእርሱም ቃል በስተኋላ እውነተኛ ጸሎት፥ እውነተኛ ቁስልም ሊኖር ይችላል። ደግሞም የራሳችንን ቃላት እንመርምር። ቁምስና፥ ኖቬና፥ ምስጢራት፥ ንዑሰ ክርስቲያን እያልን በቀላሉ ስንናገር አዲስ መጪው በር ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። ቃሉን እንጠብቀው፤ ነገር ግን እንፍታለት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም።

አባ ገብረ ሚካኤል ቃልን አልናቁም፤ ትርጉሙን ፍለጋ ባሕር ተሻገሩ፤ ያገኙትንም እውነት ከሕይወታቸው አስበለጡ። ምልጃቸው ከእኛ ጋር ይሁን፤ ያቺም ከመካከላችን የቀረች እኅት ባለችበት ሰላም ትሁን፤ ተመልሳ ብትመጣ በሩን ክፍት አድርገን እንጠብቃት። አሜን።